ከአባት የተረከበ የአደን ጠመንጃ፦ ታሪኩ፣ ሕጉና አያያዙ

በቤተሰብ ውስጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ አሮጌ ጠመንጃ ተራ ዕቃ አይደለም። ተረካቢው ከብረቱና ከእንጨቱ ጋር የወገኖቹን ታሪክ፣ በሕግ ፊት የሚጠየቅበትን ኃላፊነትና ለቤቱ ሰላም ሲል ሊጠነቀቅበት የሚገባውን አደጋ አብሮ ይረከባል።

አዲስ አበባ ከየአውራጃው በመጡ ሰዎች የተሞላች ከተማ ናት። በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችም ሆነ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ባሉ ነባር መንደሮች፣ አባቱ ወይም አያቱ በሰላሌ፣ በመንዝ፣ በጎጃም ወይም በወሎ ጠመንጃ አንግቶ የኖረ ሰው ማግኘት አያስቸግርም። አዛውንቱ በሕይወት ሳሉ «ከእኔ በኋላ ላንተ ይሁን» ሲሉ፣ ወይም ካረፉ በኋላ ንብረታቸው ሲከፋፈል፣ መሣሪያው ከገጠር ቤት ግድግዳ ወርዶ በከተማ ነዋሪ እጅ ይገባል። በገጠር የወንድነት ጌጥ ሆኖ የኖረው ጠመንጃ በከተማ ፈቃድ፣ ቁልፍና ዕውቀት የሚጠይቅ ንብረት ይሆናል።

ጠመንጃው ከየት መጣ?

የኢትዮጵያ አሮጌ ጠመንጃዎች አመጣጥ ሲነሣ እንጦጦን መዝለል አይቻልም። ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ መናገሻቸውን በዚህ ተራራ ላይ ቆርቁረው ነበር፤ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የደፉትም በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በእነዚያ ዓመታት የጦር መሣሪያ ነጋዴዎች ከታጁራ ወደብ ተነሥተው፣ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጠው ወደ ሸዋ ይወጡ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ግጥም መጻፍ ትቶ ወደ ንግድ የገባው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ ነው። በ1879 ዓ.ም. ከ2,000 በላይ ጠመንጃ አስጭኖ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ ከሐረር ዘመቻ ገና አልተመለሱም ነበርና እንጦጦ ድረስ ተከትሎ አገኛቸው። ንጉሡ ዋጋውን አስቀንሰው ገዙት፤ ክፍያውንም ሐረር ላይ ከደጃዝማች መኰንን እንዲቀበል አዘዙለት።

የዚያ ዘመን የመሣሪያ ግዢ ከአደን ጋር የተሳሰረ ነበር። ለጠመንጃው ከሚከፈለው ውስጥ ከጠገራ ብር፣ ከወርቅና ከዝባድ ጋር የዝሆን ጥርስ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ዝሆኑ በጠመንጃ ይገደላል፤ በጥርሱም ሌላ ጠመንጃ ይገዛል። መሣሪያው በበዛ ቁጥር የዝሆኑ መንጋ እየመነመነ፣ አዳኙም እየራቀ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ቆላ መውረዱ ከዚህ የመጣ ነው።

ከነጋዴ ከተገዛው ሌላ ከዘማች ጦር ጋር የመጣውና በጦር ሜዳ የተማረከውም ብዙ ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ሰናድር ይዞ መጣ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ጦርነቶች የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት የግብፅን ጦር ድል ሲያደርግ በርካታ ረሚንግተን ማረከ። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተማረከው የጣሊያን ጠመንጃ ወደ 11,000 እንደሚደርስ ይገመታል። በፈረንሳይ የተሠሩት ውጅግራና ለበን በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ገቡ። በ1922 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር ስለ መሣሪያ ግዢ የተዋዋለችው ስምምነት መንገዱን ከከፈተ በኋላ ደግሞ በቤልጅግ አገር የተሠራው ሞዜር ለመንግሥት ጦር በብዛት ተገዛ።

በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ዘመን ጠላት መሣሪያ ለማስፈታት ቢሞክርም ብዙው ሰው ጠመንጃውን ቀበረ፤ ሌላውም ይዞት ዱር ገባ። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው ሲያጠቁ የደጃዝማች አበራ ካሳ ጦር የመጣው ከሰላሌ፣ በሰሜን በኩል ነበር። ከእነዚያ ዓመታት የቀረ ጠመንጃ ያለው ቤተሰብ መሣሪያውን ከአርበኛ አያቱ ስም ለይቶ አያየውም። ከዚያ ወዲህም ጠመንጃው ብዙ ፈተና አልፏል። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ባደረገበት ጊዜ መሣሪያ የተገኘበት ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። ያን ሁሉ አልፎ የተረፈ ጠመንጃ መትረፉ ብቻውን ታሪክ ነው።

የአዳኝ ክብር

በአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቤት ለጦርነትና ለአደን የተለያየ ጠመንጃ አልነበረም። በዘመቻ የተተኮሰበት ያው ውጅግራ ወይም ምንሽር በሰላም ጊዜ ከብት የሚፈጀውን ነብር ያባርራል፣ ማሳ የሚያጠፋውን ከርከሮ ይመታል፣ ቆላ ተወርዶም ጎሽና ዝሆን ይታደንበታል። ለአደን ብቻ ተብሎ የተሠራ ጠመንጃ፣ ለምሳሌ ባለ ሁለት አፈሙዙ፣ በመኳንንትና በባለጸጎች ቤት የሚገኝ ነበር። ስለዚህ «የአያቴ የአደን ጠመንጃ» ተብሎ የሚወረሰው መሣሪያ ሲመረመር የጦር ሠራዊት ጠመንጃ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ ወይም አውራሪስ የገደለ ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ ከጦር ሜዳ ጀግና ጎን ይቆም ነበር። ግዳዩን በፉከራ ያቀርባል፤ በሰርግና በድግስ ስሙ በሽለላ ይነሣል፤ የአንበሳ ጎፈር በራሱ ላይ ያስራል። ጠመንጃውም ከባለቤቱ ስም ጋር አብሮ ይወደስ ነበር። አባት ለልጁ ጠመንጃ ሲሰጥ እንዲህ ያለውን ስም አብሮ ማስረከቡ ነበርና ስጦታው ከከብትም ከመሬትም ባላነሰ ይከበር ነበር።

የዚያ ክብር ሌላው ገጽ የዱር እንስሳቱ ማለቅ ነው። የሰሜን ተራሮች ዋልያ በአደን ብዛት ከምድር ሊጠፋ የደረሰ እንስሳ ነው። በ1936 ዓ.ም. የአደን እንስሳትን ለመጠበቅ አዋጅ ወጣ፤ ከዚያም የአዋሽና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች ተከለሉ። የአያትን ጀግንነት ማክበርና የእንስሳቱን መመናመን ማወቅ አይጋጩም፤ ጠመንጃውን የተረከበ ሰው ሁለቱንም ለልጆቹ ሊነግር ይገባዋል።

ጠመንጃውን ማወቅ

የተወረሰ ጠመንጃ መጀመሪያ ምን ዓይነት እንደሆነ መታወቅ አለበት። ሰናድር በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት የሚጎርስ፣ መክፈቻው ወደ ጎን የሚገለበጥ የእንግሊዝ ሥራ ነው፤ ጥይቱ 14.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ረሚንግተንም ነጠላ ጥይት የሚጎርስ ሲሆን መዝጊያው ወደ ኋላ እየተንከባለለ ይከፈታል። ውጅግራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1874 የወጣ፣ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ ነጠላ ጎራሽ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። ዐድዋ ላይ ጣሊያኖች የያዙት ቬተርሊ 10.4 ሚሊ ሜትር ነበር።

ለበን በ1886 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲወጣ ጭስ በማያወጣ ባሩድ የሚሠራ የመጀመሪያው የሠራዊት ጠመንጃ ሆነ፤ 8 ሚሊ ሜትር ጥይት ይተኩሳል። ምንሽር በመሠረቱ የኦስትሪያ ጠመንጃ ነው፤ ሆኖም በወረራው ዘመን የመጣውና ጥይቱን እንደ ምንሽር በማቀፊያ የሚጎርሰው 6.5 ሚሊ ሜትር የጣሊያን ካርካኖም በአንዳንድ ቦታ በዚሁ ስም ይጠራል። የቤልጅጉ ሞዜር 7.92 ሚሊ ሜትር ሲሆን አምስት ጥይት ይይዛል።

ዓይነቱን ለመለየት በብረቱ ላይ የተቀረጹትን ምልክቶች ማንበብ ይረዳል። የፋብሪካው ስም፣ የተሠራበት ዓመትና መለያ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ጥይት በሚጎርስበት ክፍል ዙሪያ ይገኛሉ። አንዳንዶቹ የይሁዳ አንበሳ ማኅተም አለባቸው፤ ይህም መሣሪያው በአንድ ወቅት የመንግሥት እንደነበረ የሚጠቁም ነው። በሰደፉ ላይ የተቀረጸ ስም፣ መስቀል ወይም ቁጥር፣ የተጠመጠመ ቆዳ ወይም የተመታ የናስ ሚስማር ካለ የባለቤቶቹ አሻራ ነውና እንዳለ መቆየት አለበት።

ዓይነቱን ማወቅ ለሕይወትም ያስፈልጋል። ሰናድር፣ ረሚንግተን፣ ውጅግራና ቬተርሊ የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ነው። ጭስ የሌለው ባሩድ የሚያመነጨው ግፊት ከፍ ያለ በመሆኑ ተመሳሳይ መጠን ያለው ዘመናዊ ጥይት ቢጎርሱ መዝጊያቸው ሊሰነጠቅና ተኳሹን ሊያቆስል ወይም ሊገድል ይችላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያን ብዙ ቬተርሊዎችን ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ለውጣለች፤ እነዚህ ውጫቸው ጤነኛ ቢመስልም መዝጊያቸው ለዚያ ግፊት ያልተሠራ ነው። ለአሥርት ዓመታት በጭስ ቤት የተሰቀለ ጠመንጃ ደግሞ ቱቦው ውስጡ ዝጎ፣ ሰደፉ በምስጥ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። የመሣሪያ ባለሙያ ሳያየው እንዲህ ያለ ጠመንጃ መተኮስ የለበትም።

ውርሱና ፈቃዱ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው ኑዛዜ ከሌለ የሟች ልጆች፣ ወንድም ሆኑ ሴት፣ እኩል ይወርሳሉ። «ጠመንጃ የወንድ ልጅ ነው» የሚለው ልማድ በሕጉ ቦታ የለውም፤ መሣሪያው ለአንዱ ልጅ ከደረሰ ግምቱ በድርሻው ውስጥ ይታሰባል። ጠመንጃው በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ከሆነም የትዳር ጓደኛ ድርሻ ሊኖርበት ይችላል።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው በቃል ኑዛዜ ላይ ነው። አባት በሞት አልጋ ላይ «ጠመንጃዬ ለእገሌ» ብለው መናገራቸው በቤተሰብ ዘንድ የተከበረ ቃል ነው። በሕጉ ግን የቃል ኑዛዜ የሚጸናው ለተወሰኑ ጉዳዮች ብቻ ነው፤ በቃል የሚሰጠው የእያንዳንዱ ስጦታ ዋጋም ከ500 ብር መብለጥ የለበትም። ዛሬ አንድ ጠመንጃ ከዚህ ዋጋ በላይ እንደሚያወጣ ግልጽ ነው። ስለዚህ ሰጪው ኑዛዜውን ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ ቢጽፍ፣ ወይም በእርሱና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የተፈረመ ኑዛዜ ቢያዘጋጅ የወንድማማቾችን ጠብ አስቀድሞ ይዘጋል። በአዲስ አበባ የወራሽነት ማረጋገጫ የሚሰጡት የከተማዋ ፍርድ ቤቶች ናቸው።

የባለቤትነት ጥያቄ ቢፈታ የፈቃድ ጥያቄ ይቀራል፤ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ማንኛውም ሰው ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዝ፣ ለሌላ እንዳያስተላልፍና እንዳያዘዋውር ይከለክላል። ቁጥጥሩ በዋናነት የፌዴራል ፖሊስ ኃላፊነት ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለጠመንጃው ብቻ አይደለም፤ አመልካቹ ዕድሜው፣ ጤንነቱና ከወንጀል ነጻ መሆኑ ይታያል። አባት ፈቃድ ነበራቸው ማለት ልጅ ፈቃድ አለው ማለት አይደለም። ጠመንጃው አሮጌ መሆኑ፣ አለመተኮሱ ወይም ለጌጥ መሰቀሉም በራሱ ከፈቃድ ነጻ አያደርገውም።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው። መሣሪያው ካለበት ሳይንቀሳቀስ መለያ ቁጥሩና ዓይነቱ ይመዘገባል፤ የሟች ፈቃድ፣ የሞት ማስረጃና የወራሽነት ማረጋገጫ ይሰባሰባሉ፤ ከዚያ መሣሪያው በሚገኝበት አካባቢ ላለው ፖሊስ ቀርቦ መመሪያ ይጠየቃል። የሚሰጠው መልስ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ከመንዝ ወይም ከሰላሌ ወደ የካ አባዶ የሚመጣ ሰው ጠመንጃውን በጆንያ ጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ መጫኑ ራሱን ለእስር፣ መሣሪያውንም በመንግሥት ለመወረስ ማጋለጥ ነው። ቤተሰቡ «ፈቃድ አልነበረውም፣ ቢታወቅ ችግር ያመጣል» ብሎ የሚፈራ ከሆነ መደበቁ ችግሩን ያባብሰዋል፤ የሕግ ባለሙያ አማክሮ ራስ ቀድሞ መቅረብ ይሻላል።

አደን አይወረስም

ጠመንጃ መውረስ የማደን መብት አይሰጥም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 አደንን በፈቃድ ብቻ የሚፈጸም አድርጎታል። በአገሪቱ ፈቃድ ያለው አደን የሚካሄደው ለዚሁ በተከለሉ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በአርሲና በባሌ ደጋዎች፣ በኮታና በተቆጣጣሪ ፊት ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን የሚታደነው በዚህ ሥርዓት ነው።

በእንጦጦ ጫካ ድኩላ፣ ሚዳቋና ጅብ ዛሬም አሉ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ ተራራውን የሺህዎች መዝናኛ አድርጎታል። በየካ ኮረብታዎች ሥር የሚኖር ሰው ሌሊት ጅብ ሲጮህ ቢሰማ፣ ወይም በሰርግና በለቅሶ እንደ ጥንቱ ወደ ሰማይ መተኮስ ቢያምረው፣ ሰው በተጨናነቀበት ከተማ የወደቀ ጥይት የት እንደሚያርፍ ማንም እንደማያውቅ ማስታወስ አለበት። ወደ ላይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ሲወርድ ሰው ሊገድል ይችላል።

በቤት ውስጥ ያለ አያያዝ

ማንኛውም ጠመንጃ እስኪመረመር ድረስ ጥይት እንደጎረሰ ይቆጠራል። አፈሙዙ ወደ ሰው አይዞርም፤ ጣትም ከቃታው ይርቃል። መዝጊያውን ከፍቶ ባዶ መሆኑን ማየት ለብዙዎቹ በቂ ቢሆንም ለለበን ግን አይበቃም። የለበን ስምንት ጥይቶች የሚደረደሩት በአፈሙዙ ሥር በተደበቀ ቱቦ ውስጥ ስለሆነ፣ ባዶ የሚመስለው ጠመንጃ መዝጊያው ወዲያና ወዲህ ሲባል ሌላ ጥይት ሊያጎርስ ይችላል። መሣሪያ የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ራሱ ባይነካካው ይሻላል፤ ምርመራውን ባለሙያ ወይም ፖሊስ ያድርገው። አሮጌ ጥይቶችም ቀለሃቸው አረንጓዴ ዝገት ይዞ ሲገኝ ለፖሊስ ማስረከብ እንጂ መወልወል ወይም ከቆሻሻ ጋር መጣል አይገባም።

ፈቃድ ያገኘው ጠመንጃ በቁልፍ በሚዘጋ ጠንካራ ሳጥን ውስጥ፣ ጥይቱም በሌላ ቁልፍ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ጎረቤት በግድግዳ ብቻ ይለያልና ይህ ጥንቃቄ የቤተሰብ ብቻ ሳይሆን የብሎኩ ሁሉ ጉዳይ ነው። ልጆች ቁልፉ የት እንዳለ ማወቅ የለባቸውም። በቤት ውስጥ ጠብ፣ ከባድ ኀዘን ወይም የአእምሮ ሕመም ካለ መሣሪያው ከቤት ወጥቶ ሕጋዊ በሆነ ቦታ ቢቆይ ሕይወት ያተርፋል።

ብረቱን ለመጠበቅ በንጹሕ ጨርቅ ቀጭን የመሣሪያ ዘይት መቀባት ይበቃል። በቆዳ ከረጢት ውስጥ ለዓመታት ማስቀመጥ እርጥበት ስለሚይዝ ያዝገዋል። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ ሰደፉን ልጎ ቫርኒሽ መቀባትና የጎደለውን ክፍል ከሌላ ጠመንጃ መተካት ግን የመሣሪያውን ታሪካዊ ዋጋ ያጠፋል።

ታሪኩን መጻፍ

ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው ጠመንጃው ሳይሆን ስለ እርሱ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ማን ገዛው ወይም ማረከው፣ በየትኛው ዘመቻ ዋለ፣ ከማን ወደ ማን ተላለፈ፣ በሰደፉ ላይ ያለው ምልክት የማን ነው የሚሉት ጥያቄዎች ለቤተሰቡ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ሊቀርቡላቸው ይገባል። መልሳቸው በድምፅ ተቀድቶ፣ በጽሑፍ ሰፍሮና ከመለያ ቁጥሩ ጋር ተያይዞ ሲቀመጥ ጠመንጃው የታሪክ ማስረጃ ይሆናል። ታሪክ የሌለው ጠመንጃ አሮጌ ብረት ሆኖ ይቀራል፤ ታሪኩ የተጻፈለት ግን ለአገርም ይጠቅማል።

በቤት ማስቀመጥ የማይችል ወይም የማይፈልግ ቤተሰብ ሕጋዊ ርክክቡን ከፖሊስ ጋር ጨርሶ ለሙዚየም መስጠትን ሊያስብ ይችላል። በእንጦጦ ማርያም የአፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ሙዚየም አለ፤ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ በፒያሳም በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያ ይገኛሉ። ለውጭ አገር ገዥ መሸጥ የሚታሰብ ከሆነ ግን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ መከልከሉን ማወቅ ያስፈልጋል። ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ የመንግሥት መጋዘኖች የወጡ በሺዎች የሚቆጠሩ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። የይሁዳ አንበሳ ማኅተም ያለባቸው መሣሪያዎች ዛሬ በሌላ አገር ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይገኛሉ፤ የተሸከሟቸው ሰዎች ስም ግን አብሯቸው አልሄደም።

ስለዚህ አሮጌ ጠመንጃ የተረከበ ወይም ሊረከብ ያሰበ አንባቢ ሦስቱን ነገር ሳያዘገይ ይፈጽም፤ ፈቃዱን ያውጣ፣ መሣሪያውን በባለሙያ አስመርምሮ ይቆልፍበት፣ ታሪኩንም የሚያውቁት አባቶችና እናቶች ሳያልፉ ይጻፍ።